ሚኪ ሊላንድ ማን ነበር? ስለ ቴክሳሱ የምክር ቤት አባል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

22 አካባቢ የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው በሚኪ ሊላንድ መንገድ ሳያልፍ የሚውልበት ቀን ብዙ አይደለም። እኔም ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ታክሲ ውስጥ ግን «ሚኪ ሊላንድ ጋ ወራጅ አለ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ላይ መንገድ የሚታወቀው በሆቴሉ፣ በፎቁ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ነው። የተሰጠው ስም ካርታ ላይ ይቀራል። ስልኩ ላይ ካርታ የከፈተ ሰው ነው እንግዲህ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብሎ የሚጠይቀው።

ይህን የጻፍኩት ለዚያ ጥያቄና እሱን ተከትለው ለሚመጡት ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የአሜሪካ ስለሆነ፣ «ዓ.ም.» ብዬ ካልለየሁ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ፣ ማን ነው?

የቴክሳስ ፖለቲከኛ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰው። ከሂዩስተን ከተማ ተመርጦ ከ1979 እስከ 1989 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አገልግሏል። ሴናተር አልሆነም። ሚኒስትር አልሆነም። ለፕሬዚዳንትነት አልተወዳደረም። አገሩ ላይ እንኳ ከሂዩስተን ወጣ ካላችሁ ስሙን የሚያውቅ ሰው ብዙ አታገኙም። ሕይወቱ ያለፈው ግን እዚህ አገር ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ ሲበር የተሳፈረበት አውሮፕላን ተራራ ላይ ተከሰከሰ። ዕድሜው ገና 44 ነበር።

ሚኪ እውነተኛ ስሙ ነው?

አይደለም። ሙሉ ስሙ ጆርጅ ቶማስ ሊላንድ ነው። ሚኪ ያሉት የእናቱ አባት ናቸው፤ እንደወጣለት ቀረ።

የት ተወለደ? እንዴት አደገ?

የተወለደው ኖቬምበር 27 ቀን 1944 በምዕራብ ቴክሳስ፣ ላቦክ በምትባል ከተማ ነው። በእኛ ኅዳር 18 ቀን 1937 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ቤተሰቡን ትቶ ሄደ። እናቱ እሱንና ወንድሙን ይዛ ወደ ሂዩስተን መጣች። የሰፈሩት ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ነው። ያኔ ድህነት የጠናበት ሰፈር ነበር።

እናቱ መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ውስጥ ባለ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ነበረች። እየሠራች ተምራ በኋላ መምህርት ሆነች። የሊላንድን ታሪክ ሳነብ እኔን የሚይዘኝ እዚህ ላይ ነው። ሰዎች ሊላንድ ስለ ረሃብ ማሰብ የጀመረው በአፍሪካ ይመስላቸዋል። እኔ እንደሚገባኝ የጀመረው እናቱ የሰው ምግብ እያበሰለች ሁለት ልጆች ባሳደገችበት ሰፈር ነው።

ፋርማሲስት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። በ1970 ከቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ተመርቋል፤ እዚያው ለአጭር ጊዜ አስተምሯል። ተማሪ ሆኖ የፖሊስ ዱላን በመቃወም ይታወቅ ነበር። ሙያውንና ትግሉን ያገናኘው ግን በእግሩ ነው። ሐኪም ዘንድ የማይደርሱ ድሆችን በየቤታቸው እያንኳኳ ቀላል የጤና ምርመራ የሚያደርግ፣ የት ሄደው መታከም እንደሚችሉ የሚነግር ዘመቻ አደራጀ።

ይህን ማወቅ ፖለቲካውን ለመረዳት ይጠቅማል። በኋላ የቴክሳስ ምክር ቤት ሲገባ ከታገለላቸው ነገሮች አንዱ የመድኃኒት ጉዳይ ነበር። ሐኪሙ በፋብሪካ ስሙ ጠርቶ ያዘዘውን ውድ መድኃኒት፣ ያው ንጥረ ነገር ባለው በርካሹ መተካት እንዲቻል ተከራከረ። መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ፊት ቆማ ዋጋ ስትሰማ ማዘዣዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ የምትመልስ እናት ያየ ሰው ነው እንዲህ ዓይነት ሕግ የሚያስበው።

ፖለቲካ ውስጥ እንዴት ገባ?

እዚህ ላይ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። እስከ 1972 ድረስ ሂዩስተን ውስጥ የክልሉ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በሰፈር በሰፈር አልነበረም። ሰፊው አካባቢ በአንድ ላይ ነበር የሚመርጠው። በቁጥር ነጭ ስለሚበዛ የጥቁሮችና የሜክሲኮ ተወላጆች ድምፅ ይዋጥ ነበር። በ1972 ግን ከተማው በየራሱ የምርጫ ወረዳ ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን አንድ ሰው መምረጥ ቻለ። ይህች የአሠራር ለውጥ ተራ ነገር ትመስላለች። ያመጣችው ውጤት ግን ትልቅ ነው። በዚያው ዓመት ሊላንድን ጨምሮ አምስት ወጣቶች «የሕዝብ አምስቱ» ተብለው በአንድነት ተወዳደሩ። ሊላንድ 27 ዓመቱ ነበር፤ አሸነፈ።

ከ1973 እስከ 1979 መጀመሪያ ድረስ በቴክሳስ ምክር ቤት ቆየ። ሂዩስተን ውስጥ ዲ ሜኒል የሚባሉ ባለጠጋ የሥዕል ሰብሳቢ ባልና ሚስት ነበሩ። ቀድመው ከደገፉት ሰዎች መካከል እነሱ ይገኙበታል።

ዳሺኪ ለብሶ ምክር ቤት የሚገባው እሱ ነው?

እሱ ነው። ኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ምክር ቤት ያኔ ከራቫትና ጥቁር ሱፍ ብቻ የሚታይበት ቦታ ነበር። ሊላንድ አፍሮ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ዳሺኪ የሚባለውን በቀለም ያበደ ሰፊ የአፍሪካ ሸሚዝ ለብሶ፣ የቆዳ ቦርሳ ትከሻው ላይ አንግቶ መጣ። ብዙዎች ደነገጡ። ልብሱን ለታይታ የለበሰ አይመስለኝም። ከየት እንደመጣሁ እወቁት ማለቱ ነበር። ዋሽንግተን ከገባ በኋላ ሱፍ መልበስ ጀመረ።

ወደ ዋሽንግተን እንዴት ሄደ?

ባርባራ ጆርዳን የምትባል ስመ ጥር ሴት የሂዩስተንን 18ኛ የምርጫ ወረዳ ትወክል ነበር። ከደቡብ ክልሎች ለምክር ቤቱ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። በ1978 ዳግመኛ አልወዳደርም አለች። ሊላንድ ለወንበሩ ተወዳደረ፤ በፓርቲው ውስጥ በተደረገው ሁለተኛ ዙር ምርጫ አሸንፎ በጃንዋሪ 1979 ቃለ መሐላ ፈጸመ። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ እንደገና ተመርጧል። በ1985 እና በ1986 የጥቁር የምክር ቤት አባላት ኅብረት ሊቀ መንበር ነበር።

በስፓኒሽ ንግግር አደረገ የሚባለውስ?

የምርጫ መብት ሕጉ ሲታደስ የተነሳ ክርክር ነው። እንግሊዝኛ የማይችሉ መራጮች በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈ የምርጫ ወረቀት እንዲያገኙ የሚያዘውን ክፍል ለማስቀረት የፈለጉ ነበሩ። ሊላንድ ተነስቶ በስፓኒሽ መናገር ጀመረ። የሚለው ለአብዛኞቹ አልገባቸውም። ሐሳቡም ይኸው ነበር፤ ቋንቋ ስለማይችል ብቻ ከቤቱ ውጭ የቆመ ሰው የሚሰማውን ለአፍታ ይቅመሱት ማለቱ ነው። ሜክሲኳዊ አልነበረም። የሌላውን ጉዳይ እንደራሱ አድርጎ መያዝ ያውቅ ነበር።

የረሃብ ኮሚቴው ምን ነበር? ሥልጣኑስ?

ሊላንድ ቤንጃሚን ጊልማን ከተባለ የኒውዮርክ ሪፐብሊካን ጋር ሆኖ ጠይቆ በ1984 የተቋቋመ ልዩ ኮሚቴ ነው። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ራሱ ሊላንድ ሆነ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ ኮሚቴ ሕግ አርቅቆ ለድምፅ ማቅረብ አይችልም ነበር። በጀትም በእጁ የለም። የሚችለው ምስክሮችን መጥራት፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት፣ ያየውን ሪፖርት ማድረግና ሌሎቹን ኮሚቴዎች መነዝነዝ ነው። ሊላንድ ይህን ደካማ መሣሪያ ጥሩ አድርጎ ተጠቀመበት። ባለሙያም፣ ታዋቂ ሰውም፣ ራሱ የተራበውም ሰው እየቀረበ ተናገረ። አሜሪካ ውስጥ ስላሉ ቤት አልባዎች፣ ትኩስ ምግብ ስለማያገኙ እናቶችና ሕፃናትም የሠራው ሥራ አለ። «የአፍሪካ ጉዳይ ብቻ ነው የሚያሳስበው» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

ከ77ቱ ድርቅ ጋር ምን አገናኘው?

77ትን እዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያላየው ሰምቶታል። በኦክቶበር 1984 የኮረም ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ሲታይ የሊላንድ ኮሚቴ በዚያው ዓመት የተቋቋመ ገና አዲስ ነበር። ሊላንድ የሁለቱንም ፓርቲ አባላት ይዞ ወደ አካባቢው መጣ፤ መጠለያ ጣቢያዎችን ዞሮ አየ። ተመልሶም እየዞረ ወተወተ። በ1985 መጀመሪያ ላይ ምክር ቤቱ ለአፍሪካ ድርቅ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የምግብና የነፍስ አድን እርዳታ አጸደቀ። የፈረመው ፕሬዚዳንት ሬገን ነው። በእርግጥ አንድ ሰው ብቻውን ያመጣው ገንዘብ አይደለም፤ ሊላንድ ግን ከገፉት ሰዎች ፊተኛው መስመር ላይ ነበር።

በእነዚያ ጉዞዎች አንድ ነገር አጋጥሞታል፤ በኋላም ደጋግሞ ሲያወራው ኖሯል። ቦታው ሱዳን ውስጥ ያለ የስደተኞች መጠለያ ነው። ከአንዲት ልጅ አጠገብ ቆሟል። ልጅቷ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ናት፤ ከሲታነቷ ግን አሮጊት አስመስሏታል። ሊላንድ ዘወር ብሎ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ጥቂት ቃል ተለዋወጠ። ፊቱን ሲመልስ ልጅቷ ሞታለች። ፊቷን በየቀኑ አየዋለሁ ይል ነበር።

ደርግን ይደግፍ ነበር?

ይህ ጥያቄ በተለይ ውጭ አገር ካሉ ወገኖች ይመጣል። ምክንያቱም ይገባኛል። ያ ዘመን የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጎን ነበር፤ ዋሽንግተንና አዲስ አበባ አይዋደዱም። ብዙ አሜሪካዊ ፖለቲከኛ «ኮሚኒስት መንግሥት ላለበት አገር ለምን እህል እንልካለን?» ይል ነበር። ሊላንድ ደግሞ ኢትዮጵያ ይመጣል፣ ከባለሥልጣናት ጋር ይነጋገራል፤ ኩባ ሄዶ ፊደል ካስትሮንም አግኝቷል። ለዚህ ተወቅሷል።

የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። እህሉ እንዲያልፍ ደጁን ከያዘው ሰው ጋር መነጋገር የግድ ነበር። ወሎ ውስጥ የተራበው ገበሬ መንግሥቱን አልመረጠም። ሊላንድ የተነጋገረው ለዚያ ገበሬ ብሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመረጡት የሂዩስተን ሰዎች አላማረሩም?

አማርረዋል። የራሱ ወረዳ ድሃ ወረዳ ነው። «እኛ እዚህ ተቸግረን አንተ አፍሪካ ምን ትሠራለህ?» የሚል ድምፅ ነበር። እሱ የአሜሪካ ዜጋ የሆንኩትን ያህል የዓለምም ዜጋ ነኝ ብሎ መልሷል፤ ሰው ከሞት ለማዳን በሚሠራው ሥራ ለሚወቅሱት ሰዎችም ደንታ አልነበረውም። ካቶሊክ ነበር፤ ከሃይማኖቱ የተማረውን እንደ ምክንያት ያነሳ ነበር። ያም ሆኖ ሰዎቹ በየሁለት ዓመቱ መረጡት።

በመጨረሻው ጉዞ የት ነበር የሚሄደው?

ጋምቤላ ውስጥ፣ ከሱዳን ድንበር አቅራቢያ ወዳለው ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ። አንዳንዱ ፒንዩዶ ብሎ ይጽፈዋል። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከቤተሰቦቻቸው የተለያዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች እዚያ ነበሩ። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ከብት ሲጠብቁ ወይም ተኝተው ሳሉ መንደራቸው ተመትቶ ለወራት በእግራቸው ተጉዘው የደረሱ ናቸው። ሊላንድ ሊያያቸው ነው የተነሳው።

አደጋው እንዴት ደረሰ?

ነሐሴ 1 ነው። ክረምት ነው። የምዕራብ ኢትዮጵያን የነሐሴ ሰማይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደመናው ተራራው ላይ ይተኛል፣ ገደሉና ሰማዩ አይለዩም። የተሳፈሩበት ባለ ሁለት ሞተር አነስተኛ አውሮፕላን ነበር፣ ትዊን ኦተር የሚባለው። የአየሩ ጠባይ ክፉ ነበር። አውሮፕላኑ ፉኝዶ አልደረሰም፤ አዲስ አበባም አልተመለሰም።

ፍለጋው ስድስት ቀን ፈጀ። የኢትዮጵያ መንግሥት ፈቅዶ የአሜሪካ ጦር አውሮፕላኖች በፍለጋው ተሳተፉ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ከሻከረ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ግን የአሜሪካ ወታደሮች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ሰው ይፈልጋሉ። ነሐሴ 7 ቀን ስብርባሪው በአንድ ተራራ ጎን ላይ ተገኘ። በሕይወት የተረፈ የለም።

ከሱ ሌላ እነማን ሞቱ?

በአውሮፕላኑ ውስጥ 16 ሰዎች ነበሩ። ዘጠኙ አሜሪካውያን ናቸው፤ የምክር ቤት ረዳቶቹ፣ የኤምባሲና የእርዳታ ሠራተኞች ይገኙባቸዋል። ሰባቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ይህን ቁጥር ሆን ብዬ ለብቻው አነሳሁት። መንገዱ፣ ሕንፃው፣ ተርሚናሉ በሊላንድ ስም ነው። ሰባቱ ወገኖቻችን ግን «እና ሌሎች» ተብለው ያልፋሉ። እነሱም የተነሱት ወደዚያው ጣቢያ፣ ወደዚያው ልጆች ነው።

ቤተሰብ ነበረው?

በ1983 አግብቷል። ሲሞት ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅም ነበራቸው። በጃንዋሪ 1990 መንታ ወንዶች ወለደች። መንቶቹ አባታቸውን አላዩትም።

ኮሚቴው ከሱ በኋላ ምን ሆነ?

ቶኒ ሆል የተባለ የኦሃዮ የምክር ቤት አባል ሊቀ መንበርነቱን ተረከበ። በ1993 ግን ምክር ቤቱ ወጪ ለመቀነስ ሲል ልዩ ኮሚቴዎችን አፈረሰ፤ የረሃቡም አብሮ ፈረሰ። ሆል ምን አደረገ? ጾመ። ውኃ ብቻ እየጠጣ 22 ቀን ቆየ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከመንግሥት ውጭ የሆነ፣ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ያሉበት የረሃብ ማዕከል በዋሽንግተን ተቋቋመ። ማዕከሉ ወጣቶችን መርጦ ያሠለጥናል። በአሜሪካ ውስጥ ረሃብ ላይ የሚሠሩትን በሪፐብሊካኑ ቢል ኤመርሰን ስም፣ በሌላው ዓለም የሚሠሩትን በሊላንድ ስም ይጠራቸዋል። ኤመርሰንና ሊላንድ በብዙ ነገር የማይስማሙ ሰዎች ነበሩ፤ በረሃብ ጉዳይ ግን ወዳጆች ነበሩ። በዚያው በ1993 ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚሰጠውን የምግብ ድጎማ የሚያሰፋ ሕግ በስሙ ጸድቋል።

የሱን ወንበር ማን ያዘው?

በ1989 መጨረሻ በተደረገ ማሟያ ምርጫ ክሬግ ዋሽንግተን ተመረጠ፤ ከ1972ቱ አምስት ወጣቶች አንዱ ነው። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ሺላ ጃክሰን ሊ በ2024 እስከሞተችበት ቀን ድረስ ወረዳውን ወክላለች።

ስሙ ዛሬ የት የት ይገኛል?

ከ22ቱ መንገዳችን ሌላ፣ በሂዩስተን ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ የዓለም አቀፍ ተርሚናሉ በስሙ ይጠራል። ከውጭ በርራችሁ ሂዩስተን የወረዳችሁ ብዙዎቻችሁ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ አልፋችሁበት ይሆናል። መሀል ከተማ ላይ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ አለ። በተማረበት ዩኒቨርሲቲም የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ቤቱ የባርባራ ጆርዳንንና የሱን ስም በአንድ ላይ ይዟል።

የፉኝዶ ልጆችስ?

ብዙ ሰው ሳይጠይቀኝ ያልፋል፤ እኔ ግን ሳልመልሰው አላልፍም። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ልጆቹ ከፉኝዶ ሸሹ። ጊሎ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ከኋላ ተኩስ አለ፣ ከፊት ጎርፍና አዞ። ብዙዎቹ እዚያ ቀሩ። የተረፉት ደቡብ ሱዳንን አቋርጠው በ1992 ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ። ዓለም ያኔ ነው «የጠፉት ልጆች» እያለ በስም ያወቃቸው። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ከነሱ 3,800 ያህሉን አሜሪካ ተቀበለቻቸው። በየከተማው ተበተኑ። ከፊሎቹ የደረሳቸው ከተማ ሂዩስተን ነው። ሊላንድ ሊያያቸው ተነስቶ ያልደረሰባቸው ልጆች ጎልምሰው፣ እሱ ባደገበት ከተማ ቤት ተከራዩ፣ ሥራ ጀመሩ።